ባለቤቴ መጽሐፉን አይጨርስም፤ የእኔ ትዕግሥት ግን አልቋል

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ይህን የምጽፍልዎ ጉልበቴን በፋሻ አስሬ ነው።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እኛ ብሎክ ውኃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ እሱም ሌሊት። ባለፈው ሐሙስ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የቧንቧውን ድምፅ ሰምቼ ተነሣሁ። ጄሪካን ሞልቼ ስመለስ ኮሪደሩ ላይ የተቆለለ የመጽሐፍ ካርቶን አደናቀፈኝና ወደቅሁ። ጉልበቴ ተላጠ። ጄሪካኑ ተደፋ። ባለቤቴ ደንግጦ ከመኝታ ቤት ወጣ። መጀመሪያ ያነሣው ግን እኔን አይደለም። ውኃው እንዳይደርስባቸው ካርቶኖቹን ነው ያነሣው። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አየሁት። ከዚያ በኋላ ነው እጁን የዘረጋልኝ። እጁን አልያዝኩትም።

ከተጋባን 27 ዓመት ሆኖናል። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ የጅቡቲ መስመር። በወር አራት ቀን፣ ቢበዛ አምስት ቀን ነበር ቤቱ የሚያድረው። ልጃችን ስትወለድ ሚሌ ነበር። ክርስትና ስትነሣ ገላፊ ላይ ተሰልፎ ነበር። እኔ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው። ሁለት ታክሲ ይዤ እሄዳለሁ፣ ሁለት ታክሲ ይዤ እመለሳለሁ። ያን ሁሉ ዓመት ልጄን እያሳደግሁ፣ ቤቱን እየያዝኩ፣ አንድ ቀን መንዳት ያቆማል፣ ያኔ እንደ ሰው አብረን ቡና እንጠጣለን፣ እናወራለን ብዬ ነበር የምጽናናው።

ወገቡን አሞት መንዳት ከተወ ስድስት ዓመት አልፎታል። አሁን ቃሊቲ አንድ የጭነት ድርጅት ውስጥ ስምሪት ላይ ይሠራል፤ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲል ቤት ነው። ቤት ገባ ማለት ግን እኔ ጋ መጣ ማለት አይደለም። መጽሐፉ ጋ ነው የሚመጣው።

ብሔራዊ ትያትር አካባቢ ያሉት አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ደንበኛቸው አድርገውታል። ቅዳሜ ቅዳሜ በፌስታል ይዞ ይመጣል። ሽፋናቸው የተገነጠለ፣ ሲገለጡ የሚያስነጥሱ፣ የሌላ ሰው ስም የተጻፈባቸው መጻሕፍት። ቤታችን ባለ ሁለት መኝታ ነው። አልጋ ሥር ሞላ። ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ስለሆነች የእሷንም አልጋ ደረደረበት። የእናቴ ብርጭቆዎች የነበሩበትን የቡፌውን መደርደሪያ ባዶ አድርጎ መጽሐፍ ሞላው። ብርጭቆዎቹ አሁን በጋዜጣ ተጠቅልለው ካርቶን ውስጥ ናቸው። እናቴ ከሞተች በኋላ ከቤቷ የወሰድኩት ሌላ ዕቃ የለም።

ይህም ይሁን። ማታ ማታ ጮክ ብሎ ያነባል። ለማንም አይደለም፤ ለራሱ። በረንዳው ላይ ይቀመጣል። እዚያ ሲቀመጡ በፍጥነት መንገዱ ወደ አዳማ የሚያልፈው የተሳቢ ድምፅ ይሰማል። ከራት በኋላ ይጀምርና እስከ አራት ሰዓት ይቀጥላል። የብሎኩ ልጆች «ጉዱ ካሳ» ብለው ስም አውጥተውለታል። ባለፈው ወር እድር ላይ አንዲት ጎረቤቴ «የጉዱ ካሳ ባለቤት» ብላ አስተዋወቀችኝ። ሰው ሳቀ። እኔ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ጮክ ብሎ የሚያነበው ደግሞ አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው። ሌሎቹን ይገዛል፣ ይገልጣል፣ ይደረድራል። ድምፁን አውጥቶ የሚያነበው ግን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ አንብቤዋለሁ፤ አልጠላውም። ግን ሰው አንድን መጽሐፍ ስንት ጊዜ ያነባል? እሱ እንዲያውም አይጨርሰውም። ከ500 ገጽ በላይ የሆነውን መጽሐፍ ወራት ፈጅቶ ያነበንብና አርባ ገጽ ያህል ሲቀረው ይዘጋዋል። በማግሥቱ እንደገና ከማንኩሳ፣ ከቦጋለ መብራቱ ይጀምራል። ይኸው ስድስት ዓመት። የት እንደሚያቆም እኔም አውቄዋለሁ። እዚያ ገጽ ላይ አንድ የታጠፈ የሚሌ ኬላ ደረሰኝ አለ። አንድ ጊዜ ቤት ሳጸዳ ቆሻሻ መስሎኝ ጣልኩት። ቆሻሻውን ዘርግፎ ፈልጎ አወጣው። ከዚያ ሦስት ቀን አላናገረኝም። ለአንድ ቁራጭ ወረቀት!

ነገሩ ሁሉ የተበላሸው ግን በዚያ ጉዞ ነው እላለሁ። ጥር 2011 የተጋባንበት 20ኛ ዓመት ነበር። መንገዱ ሰላም ነበር። ባሕር ዳርን አይቼ አላውቅም ነበርና «ልውሰድሽ» አለኝ። ጣናን፣ ጢስ ዓባይን፣ ዓሣውን እያሰብኩ ሻንጣ አዘጋጀሁ። አዲስ ቀሚስ አሰፋሁ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተሳፈርን። ጎሃ ጽዮንን አልፈን የዓባይን በረሃ ስንወርድ እጄን ይዞኝ ነበር። ዝንጀሮዎቹን አሳየኝ። የሹፌሩን አነዳድ በጆሮው እየሰማ «ጎበዝ ነው፤ ፍሬን አያበዛም፣ በማርሽ ነው የሚወርደው» አለኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። ደጀን ላይ ቁርስ በላን። ደብረ ማርቆስን አለፍን፤ ፍኖተ ሰላምን አለፍን። ከፍኖተ ሰላም ትንሽ እንደሄድን ብድግ አለና «ወራጅ አለ!» አለ። ማንኩሳ ነበር።

ሻንጣችን ወረደ፤ አውቶቡሱ ሄደ። «አንድ ሰዓት ብቻ» ብሎ አንዲት ሻይ ቤት አስቀመጠኝ። ከቤታችን ጀምሮ ጭኑ ላይ ይዞት የመጣ አንድ ፌስታል ነበር፤ እሱን ይዞ ሄደ። ሻይ ቤቷ ውስጥ ያለችው ልጅ «የቦጋለን ቤት ፍለጋ ነው አይደል?» ብላ ሳቀች። ያኔ ገባኝ። ኖሮ የማያውቅ ሰው ቤት ፍለጋ ብሎ ነው በዚያ ቀን፣ በአዲሱ ቀሚሴ፣ አቧራ ላይ ያስቀመጠኝ። አንድ ሰዓት ያለው ሦስት ሰዓት ሆነ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። «አቧራው ነው» አለኝ። ፌስታሉ የለም፤ በምትኩ አንድ ጠርሙስ ማር ይዟል። «አንዲት እናት ሰጡኝ» አለ። ጥሩ ማር ነበር፤ እሱን አልክድም። ከዚያ በተጨናነቀ ሚኒባስ ተጉዘን ማታ ሦስት ሰዓት ባሕር ዳር ገባን። በማግሥቱ ጀልባ ላይ እንኳ አፉን አልከፈተም። ጣናን ብቻዬን አየሁት።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። መንገድ ላይ ሆኖ እየደወለ ያስቀኝ ነበር። ያ ረዳቱ ከሞተ ወዲህ ነው የተለወጠው። የቡሬ አካባቢ ልጅ ነበር መሰለኝ። ሁለት ጊዜ ቤታችን መጥቶ ምሳ በልቷል፤ ዓይነ አፋር ልጅ። ያንን መጽሐፍም ያመጣው እሱ ነው። ባለቤቴ ሲነዳ እሱ ጋቢና ውስጥ እያነበበለት ነበር የሚሄዱት። ኅዳር 2011 ሎጊያ ላይ ወባ ጣለው። ጭነት ቆሞ አይጠብቅም፤ ባለቤቴ ክሊኒክ አስተኝቶት ወደ ጅቡቲ አለፈ። ሲመለስ ተቀብሮ ደረሰ። ነፍሱን ይማረው። የጻፍኩልዎ ግን ለዚህ አይደለም።

የጻፍኩልዎ ስለ መጻሕፍቱ ነው። ለቆራሌ ልሸጣቸው ነው ብዬ ሁለት ጊዜ ዝቼበታለሁ። አይቆጣም። «አንዷን ብቻ ተዪልኝ» ይላል። ለፋሲካ ሰሞን ደግሞ ከሥራ ደክሞኝ ስገባ መጽሐፉን ዘረጋልኝና «አንቺ ጨርሺልኝ» አለኝ። ነገ ሥራ አለብኝ ብዬው ተኛሁ። ከዚያ በፊትም አንድ ጊዜ ብሎኛል። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ተማሪ ቆሜ ላነብለት ነው?

እህቴ ሐዋሳ ሱቅ አላት። «ልጅሽም አድጋለች፤ ነይ አብረን እንሥራ» ትለኛለች። ለሥራው ብቻ ብላ አይደለም፤ ሁሉን ታውቃለች። ባለቤቴ ሌላ ሴት ቢይዝ ምን እንደማደርግ አውቅ ነበር፤ ሽማግሌ እሰበስብ ነበር። አሁን ሽማግሌ ሰብስቤ ምን ልበል? መጽሐፍ ወሰደብኝ ልበል? ያለሁት ሰውዬው አጠገቤ ተቀምጦ እየናፈቀኝ ነው። ጥያቄዬ ይኸው ነው። ልሂድ ወይ? ብሄድስ መሄዴን ያውቀዋል ወይ?

የሰለቸኝ፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ

እህቴ፣

ማሩን የሰጡት እናት ማን ናቸው?

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱን ጊዜ በባለቤትሽ እየተናደድኩ ነው ያነበብኩት። በሦስተኛው ማሩ ላይ ቆምኩና ማለፍ አቃተኝ። የልብ ወለድ ሰው ቤት የት ነው እያለ ለሚዞር መንገደኛ ጠርሙስ ሙሉ ማር የሚሰጥ የለም። የጎጃም ሰው እንግዳ አክባሪ ነው፤ ጠላ ይቀዳል፣ እንጀራ ያቀርባል። ማር አስይዞ የሚሸኘው ግን የራሱን ሰው ነው። ወይም የልጁን ነገር ይዞለት የመጣን ሰው።

አንቺው በጻፍሽው ልሂድ። ልጁ የቡሬ አካባቢ ነው ብለሻል። ማንኩሳ ያለችው በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ነው። ልጁ የሞተው ኅዳር ነው፤ እናንተ የሄዳችሁት ጥር። ሁለት ወር ብቻ። ሎጊያ የተቀበረ ልጅ እናቱ ቀብሩ ላይ አልቆመችም። ባለቤትሽ ሻንጣ ውስጥ ያልከተተው፣ ከአዲስ አበባ ጀምሮ ጭኑ ላይ የያዘው ፌስታል ነበር። ሲመለስ ፌስታሉ የለም፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ማር ይዟል። ልሳሳት እችላለሁ። ከተሳሳትኩ ጻፊልኝ፤ እዚሁ አምድ ላይ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ግን አይመስለኝም። ባለቤትሽ ያን ቀን የቦጋለ መብራቱን ቤት አልፈለገም። የረዳቱን እናት ቤት ነው የፈለገው። ፌስታሉ ውስጥ የነበረውም የልጁ ልብስ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ደረሰኙ ልመለስ። ላዩ ላይ ያለውን ቀን አይተሽው ታውቂያለሽ? ዛሬ ማታ እይው። ኅዳር 2011 የሚል ይመስለኛል። ወደ ጅቡቲ ሲኬድ ከሚሌ ቀጥሎ የሚመጣው ሎጊያ ነው። ልጁ ሚሌ ኬላ ላይ የተሰጣቸውን ደረሰኝ ያነበበበት ገጽ ላይ አደረገው፤ ከዚያ ትኩሳቱ ያዘው። መጽሐፉ ተዘጋ። «ባለቤቴ አይጨርሰውም» ትያለሽ። ባለቤትሽ የሚያቆመው ልጁ ያቆመበት ቦታ ላይ ነው።

ያን መንገድ ትንሽ አስቢው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዋሽን ካለፉ በኋላ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሰመራ፣ ገላፊ። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። አገራችን ከውጭ የምታስገባው አብዛኛው ዕቃ የሚመጣው በዚያ መንገድ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ረዳት ማለት ጎማ የሚቀይር ብቻ አይደለም። ውኃ የሚቀዳ፣ ጭነት የሚጠብቅ፣ ሹፌሩ እንዳያንቀላፋ የሚያወራ ነው። ያንቺ ባል ረዳት ደግሞ ያነብለት ነበር። ምን እንደሚያነብለት ልብ በይ። መጽሐፉ የሚጀምረው ማንኩሳ ነው። ልጁ አፋር በረሃ ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ የራሱን አገር ነበር የሚያነብለት። በዛብህም ከማንኩሳ ወጥቶ በሰው አገር የቀረ ልጅ ነው። መጽሐፉ ወዴት እንደሚሄድ ርዕሱ ራሱ ይናገራል። ልጁን ከቀበሩበት ወዲህ ባለቤትሽ ያንን አርባ ገጽ ብቻውን እንዴት ይገባበታል?

ደብዳቤሽ ውስጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ «ጭነት ቆሞ አይጠብቅም» የምትል። ያንቺ ቃል ናት ወይስ የእሱ? የእሱ ትመስለኛለች። ስንት ጊዜ ለራሱ እንደሚላት አስቢ። ክሊኒክ ያስተኛውን ልጅ ትቶ ያለፈው ለጭነት ነው። ጭነቱን አደረሰ። ልጁን አጣ። ማንም አልከሰሰውም፤ እሱ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ራሱን ሲከስ የኖረ ይመስለኛል። ያ ሰው በዚያ ዓመት ማውራት ቢያቆም አይገርመኝም።

እዚህ ላይ ልቆጣሽ ነው። ፍቀጂልኝ፤ በዕድሜ ታላቅሽ ሳልሆን አልቀርም።

ሁለት ጊዜ «አንቺ ጨርሺልኝ» ብሎሻል። ይህን በአንድ መስመር ጽፈሽ አለፍሽው። እህቴ፣ ይህ ሰው 27 ዓመት ስንት ነገር ለምኖሻል? አልጠየቀሽም። ሲታመም አልነገረሽም፣ ሲያለቅስ አቧራ ነው አለሽ። አንድ ነገር ጠየቀ፤ እሱንም ሁለት ጊዜ። አንቺ የትምህርት ቤት ንባብ መሰለሽ። እሱ ግን ያ መጽሐፍ በጆሮው የገባበት ሰው ነው። የመጨረሻውን ገጽ በራሱ ድምፅ ማንበብ አልቻለም። የሌላ ሰው ድምፅ ፈለገ። ከዓለም ሁሉ ያንቺን መረጠ። ሌላ ሰው ያነብለት ዘንድ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ያኔ ሐዋሳ ሂጂ እልሽ ነበር።

የራሴን ልንገርሽ። እኔ ያደግሁት ጉለሌ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ ይህንኑ መጽሐፍ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው እኛ ቤት ሬዲዮ አልነበረም። ጎረቤት ሄደን ነው የምንሰማው። ሕፃን የሚያለቅስ ከሆነ እናቱ ይዛው ትወጣለች እንጂ ማንም አይናገርም። እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር። በዚያው ዓመት ወንድሟ በሰው አገር ሞቶ መርዶው መጥቷል። ልቅሶው ላይ አላለቀሰችም። እንግዳ ስታስተናግድ፣ እንጀራ ስታቀርብ ነው የዋለችው፤ ሴቶቹ ልቧ ደንድኗል ብለው አምተዋታል። የትረካው መጨረሻ የደረሰ ቀን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ሁሉም ለሰብለ ወንጌል የምታለቅስ መስሏቸው ነበር። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ከነጠላው ሥር የምትጠራው የወንድሟን ስም ነው። በማግሥቱ እንጀራ አልጋገረችም፤ ተኛች። ከዚያ በኋላ ስለ እሱ ማውራት ጀመረች። ስለዚህ አንድ ሰው ለሌላው ጮክ ብሎ ሲያነብ ምን እንደሚሆን እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ለዚህ ነው በዚህ ነገር መሐል መቆም የማልችለው።

ልጆቹ ጉዱ ካሳ ቢሉት አትፈሪ። መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ ያውቃል፤ በዚያ አገር ከነበሩት ሁሉ እውነቱን የሚያየው እሱ ነው።

አሁን ደግሞ ለባለቤትሽ። ይህን ገጽ አሳዪው።

ወንድሜ፣ ስለ ልጁ አዝኛለሁ። ፌስታሉን ይዘህ ለእናቱ መሄድህ ትልቅ ነገር ነው። ሚስትህን ሻይ ቤት አስቀምጠህ መሄድህ ግን በደል ነው። ያ ቀን የእሷም ቀን ነበር። እውነቱን ብትነግራት አዲሱን ቀሚሷን እንደለበሰች አብራህ ትገባ ነበር፤ ከእናትየዋ ጋር ቁጭ ብላ ታለቅስ ነበር። የሐበሻ ሴት ልቅሶ ቤት በር ላይ ሻይ እየጠጣች አትቀርም። ያንን ከልክለሃታል። ሰባት ዓመት ሙሉ በልብ ወለድ ሰው ተለውጬ ቀረሁ ብላ ስትቃጠል ዝም ብለህ አየሃት። ባለፈው ሐሙስ ስላደረግኸውም ምንም ምክንያት አልቀበልህም። የልጁ መጽሐፍ ካርቶኖቹ ውስጥ አልነበረም። ሚስትህ መሬት ላይ ወድቃ ሳለ ካርቶን ያነሣ እጅ ይቅርታ መጠየቅ አለበት። ዛሬ ጠይቃት።

ወዳንቺ ልመለስ። የሚመጣው ቅዳሜ ማታ፣ ከራት በኋላ፣ በረንዳው ላይ ሁለት ወንበር አድርጊ። ስለ ልጁ ቀድመሽ አትጠይቂው። «አምጣው» ብቻ በይው። ከደረሰኙ ጀምሪ። ደረሰኙን ግን አታንሺው፤ ቦታው ላይ ይቆይ። አርባ ገጽ በአንድ ማታ አያልቅም፤ ሁለት ወይም ሦስት ማታ ይፈጃል። ድምፅሽ ቢንቀጠቀጥ ግድ የለም። እሱ ቢያለቅስ አታቋርጪ። ተነሥቶ ቢሄድ መጽሐፉን ሳትዘጊ ጠብቂው። ከሥር በፍጥነት መንገዱ ላይ ተሳቢ ሲያልፍ ዝም ብሎ ያዳምጥ ይሆናል፤ አዳምጪ አብረሽው።

ሲያልቅ የልጁን ስም ጠይቂው። ደብዳቤሽ ውስጥ ስሙ የለም። ለአምድ ስለሆነ ትተሽው ይሆናል፤ ግን «መሰለኝ» እያልሽ ነው ስለ እሱ የጻፍሽው። ሁለት ጊዜ ቤትሽ ምሳ በልቷል። ማን እንደነበረ ከባለቤትሽ አፍ ስሚው። እናቱም በሕይወት እንዳሉ፣ ስልክ እንዳላቸው ጠይቂው። ካላቸው አንቺ ደውዪላቸው። ማሩ ጥሩ ነበር በያቸው።

ስለ ቆራሌ አንድ ነገር ልበል፤ ለመጽሐፍ ያለኝን ነገር መደበቅ አልችልም። ለቆራሌ የተሸጠ መጽሐፍ ተገነጣጥሎ የቆሎና የበርበሬ መጠቅለያ ነው የሚሆነው። ያ የሌላ ሰው ስም የተጻፈበት ገጽ አንድ ሰው አንድ ቀን ወዶ የገዛው ነው። ይህን አታድርጊ። ግማሹን ለገዛቸው ሻጮች መልሶ ይሽጥላቸው፤ ያገለገለ መጽሐፍ ይገዛሉ። ሌላውን ግድግዳ ላይ መደርደሪያ አሠርቶ ይስቀል። ኮሪደሩ ያንቺ ነው፤ የጄሪካን መንገድ ነው። በዚህ አትደራደሪ። የልጅሽም አልጋ ለልጅሽ ይለቀቅ፤ ለእረፍት ስትመጣ መጽሐፍ መሐል አትተኛም።

ልሂድ ወይ ላልሽው፣ ለእህትሽ ደውዪና ገና አልወሰንኩም በያት። ንባቡ ካለቀ በኋላ፣ ስሙን ከሰማሽ በኋላም ልሂድ ካልሽ አልከለክልሽም። 27 ዓመት ብቻሽን የያዝሽው ቤት ነው፤ መሄድ መብትሽ ነው። አርባውን ገጽ ሳታነቢለት ግን እንዳትሄጂ።

ብሄድ ያውቀዋል ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። ያውቀዋል። አንድ ጊዜ ሰው ትቶ አልፎ፣ ሲመለስ ባዶ አልጋ ያገኘ ሰው ነው።

ከቅዳሜው ንባብ በፊት የእናትሽ ብርጭቆዎች ከካርቶን ይውጡና ወደ ቡፌው ይመለሱ። እሱ ራሱ አጥቦ፣ አድርቆ ይመልሳቸው።